የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን ማለቁ በምን ይታወቃል?

ያገለገለ ስፖርት መኪና ልትገዙ ቆማችኋል። ሻጩ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የፍሬን ዲስኩን በውፍረት መለኪያ ይለካል። ቁጥሩን እያሳያችሁ፣ «ይኸው፣ እንደ አዲስ ነው፤ ምንም አልተበላም» ይላችኋል። ሻጩ አልዋሸም። መለኪያውም አልተሳሳተም። ዲስኩ ግን ዕድሜውን የጨረሰ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው ዲስኩ ካርቦን ሴራሚክ ሲሆን ነው። የተለመደው የብረት ዲስክ ሲያልቅ ይቀጥናል። ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ እየፈገፈገው ይሳሳል፣ ጠርዙ ላይ ከንፈር ያወጣል፣ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ስለዚህ ውፍረቱን ለክቶ መፍረድ ይቻላል። ካርቦን ሴራሚክ ሲያልቅ ግን ክብደቱ ይቀንሳል። ውፍረቱ እምብዛም ሳይነካ ውስጡ ያለው ካርቦን እየተቃጠለ ይወጣል። ምስጥ የበላው እንጨት አስቡ። ቁመናው ያው ነው፤ ብድግ ስታደርጉት ነው ጉዱ የሚታወቀው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። አጫጭር የካርቦን ክሮች ከሙጫ ጋር ተደባልቀው በዲስክ ቅርጽ ይታመቃሉ። ከዚያ አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ፣ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቃጠላሉ። ሙጫው ራሱ ወደ ካርቦን ይለወጥና እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ይቀራል። ቀጥሎ የቀለጠ ሲሊከን እንዲጠጣ ይደረጋል። ሲሊከን የሚቀልጠው በ1,414 ዲግሪ ስለሆነ ምድጃው ከዚያም በላይ መጋል አለበት። ሲሊከኑ በቀዳዳዎቹ ሰርጎ ከካርቦኑ ከፊሉ ጋር ሲዋሃድ ሲሊከን ካርባይድ ይሆናል። ይህ የመሳያ ድንጋይ የሚሠራበት እጅግ ጠንካራ ነገር ነው።

እንግዲህ ዲስኩ ውስጥ ሁለት ባሕርይ አለ። ሲሊከን ካርባይዱ ሙቀትንና ፍግፊያን ይችላል፣ ብቻውን ቢሆን ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። እንዳይሰበር አስሮ የሚይዘው የካርቦን ክሩ ነው። ክሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ አየር ባለበት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ሲግል መቃጠል ይጀምራል። ካርቦኑ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። አመድ የለ፣ ጭስ የለ። ትቶት የሚሄደው ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው።

በከተማም ሆነ በረጅም መንገድ የተለመደ አነዳድ ዲስኩ እዚያ ሙቀት ላይ ደርሶ የሚቆይበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው በመንገድ ላይ ብቻ የተነዳ መኪና የመጀመሪያ ዲስኮቹን ይዞ እጅግ ብዙ ኪሎሜትር ሊሄድ የሚችለው። በውድድር ትራክ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት መጥቶ መርገጥ፣ ከዚያ ዲስኩ ሳይበርድ እንደገና መርገጥ፣ ዙር በዙር። እያንዳንዱ ዙር ጥቂት ካርቦን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የመኪናው ኪሎሜትር ብቻውን ስለ ዲስኩ ብዙ አይነግራችሁም። 20,000 ኪሎሜትር የነዳ ግን ትራክ የለመደ መኪና፣ 100,000 ኪሎሜትር በመንገድ ከሄደው የባሰ ዲስክ ሊኖረው ይችላል።

እነዚህ ዲስኮች ለሽያጭ በቀረቡ የመንገድ መኪኖች ላይ መታየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መግቢያ ነው። ፖርሽ በ2001 «911 ጂቲ2» በሚባለው መኪናው ላይ አደረጋቸው፤ ፌራሪ ደግሞ በ2002 ኤንዞ ላይ። ዛሬ ከሁለተኛ፣ ከሦስተኛ፣ ከአምስተኛ እጅ የሚሸጡ መኪኖች ላይ ሞልተዋል። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ የሆነውም ለዚህ ነው።

ከመመዘን በፊት አንድ ነገር ይጣራ። እውነት ካርቦን ሴራሚክ ነው ወይ? «ሴራሚክ ፍሬን አለው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሴራሚክ ሸራ የሚባል አለ፤ እሱ ተራ የብረት ዲስክ ላይ የሚገጠም የሸራ ዓይነት ነው እንጂ ከምናወራው ጋር አይገናኝም። ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ቀለምም ማስረጃ አይሆንም። ፖርሽ ለካርቦን ሴራሚኩ ቢጫ ካሊፐር ያደርጋል፣ ግን ቀለም ማንም ይቀባል። ቢጫ ካሊፐሩ እንዳለ ሆኖ ዲስኩ በብረት የተቀየረበት መኪናም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ፖርሽ ካይን ላይ በተንግስተን ካርባይድ የተለበጠ ዲስክ መጥቷል፤ ካሊፐሩ ነጭ ነው፣ ዲስኩ እንደ መስታወት ያበራል። እሱም ከሥሩ ብረት ነው።

ቀላሉ መለያ ማግኔት ነው። ዲስኩ ሲበርድ፣ ሸራው የሚረግጠው ፊት ላይ ትንሽ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ ካርቦን ሴራሚክ ነው። መኪናው ታጥቦ ካደረ ሌላም ምልክት አለ። ብረት ዲስክ ላይ ቀጭን የዝገት ቀለም ይታያል፣ ካርቦን ሴራሚክ ግን አይዝግም። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ጥቁር ግራጫ መደብ ላይ ወዲህና ወዲያ የተበተኑ አጫጭር ክሮች መልክ ይታያችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲስኩ መሃል ላይ ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የብረታ ብረት ቆብ አለ፤ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። በዚያ ቆብ ላይ ወይም በጠርዙ ዙሪያ የተቀረጸ ጽሑፍ ፈልጉ። የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ ዝቅተኛው ውፍረትና በብዙዎቹ ላይ ዝቅተኛው ክብደት በግራም ተጽፎ ይገኛል። ይህ የክብደት ቁጥር የዲስኩ የሕይወትና የሞት ወሰን ነው። ዲስኩ ከዚያ በታች ከቀለለ፣ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር መቀየር አለበት። የስልክ መብራት አብርታችሁ በቸርኬው ክፍተት ፎቶ አንሱት። ብዙ ጊዜ አቧራ ስለሚሸፍነው በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለመመዘን ጎማውም፣ ካሊፐሩም፣ ዲስኩም ይወልቃል። ዲስኩን ከቆቡ ለመለየት መሞከር የለም፤ የተጻፈው ክብደት ቆቡን ጨምሮ ነውና ሳትነጣጥሉ መዝኑት። አቧራውና የሸራ ዱቄቱ ይጽዳ። ዲስኩ በደንብ ይድረቅ፤ ቀዳዳ ያለበት ነገር ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ የያዘው ውሃ ደግሞ ግራም ሆኖ ሚዛኑ ላይ ይቆጠራል። ገና ታጥቦ የመጣ መኪና ዲስክ ሲመዘን ከእውነቱ የከበደ ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ሚዛኑም ግራም የሚቆጥር መሆን አለበት። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን እዚህ ሥራ ላይ ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም በአዲሱና ባለቀው መካከል ያለው ጠቅላላ ልዩነት ራሱ የጥቂት መቶ ግራሞች ጉዳይ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ነው የምጠቀምባቸው፤ የእናንተን ከቆባችሁ ላይ አንብቡ። ዝቅተኛው ክብደት 5,650 ግራም ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሚዛኑ ላይ 5,700 መጣ። ወሰኑ ጋ ለመድረስ የቀረው 50 ግራም ነው። አዲስ ሳለ 5,900 እንደነበር ካወቃችሁ፣ እንዲያልቅ ከተፈቀደለት 250 ግራም 200ው ሄዷል። ከአምስት እጅ አራቱ አልቋል ማለት ነው። አዲሱን ክብደት ማወቅ ካልቻላችሁ ደግሞ ከወሰኑ ያለው ርቀት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ግራና ቀኙን ማወዳደርም አትርሱ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከቀለለ ወይ አንዱ ተቀይሯል፣ ወይ የዚያ ጎን ካሊፐር በደንብ አይለቅም ማለት ነው። ሁለቱም መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር አንድ መኪና አይተን የፊት ዲስኮቹን አስወልቀን ነበር። የግራው ፊቱ ለስላሳ ነበር፣ ቀዳዳዎቹ ንጹሕ፣ ጠርዙ ሙሉ። እኔ በዓይኔ ብቻ ብፈርድ ኖሮ ደህና ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ከወሰኑ በታች ሆነ። ሁለት ጊዜ አንስተን አስቀመጥነው፤ ያው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክብደቱን ሳላይ ስለ ካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ጤንነት አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ዲስኩን ማውለቅ ሳያስፈልግ የሚለካ መሣሪያም አለ። ካርቦቴክ ይባላል። ጎማው ብቻ ወልቆ መሣሪያው የዲስኩ ፊት ላይ ይለጠፋል። የሚሠራው በማግኔት መስክ ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መሣሪያው የሚልከው ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ካርቦኑ ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጅረቶችን ያስነሳል። ካርቦኑ ሲቀንስ ጅረቱም ይደክማል። አለካኩ በዲስኩ ፊት በሦስት ቦታ ሲሆን፣ የሚነጻጸርበት ቁጥር አንዳንድ ዲስኮች ቆብ ላይ አብሮ ተጽፏል። እነዚህን መኪኖች የሚያውቅ ወርክሾፕ ካለ ይህ መሣሪያ እንዳለው መጠየቅ ከሁሉም የፈጠነው መንገድ ነው። ውጤቱን በወረቀት ተቀበሉ።

ይህ ሁሉ ማለት ዓይን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዓይን ብቻውን ዲስኩ «ደህና ነው» ሊል አይችልም፤ «አልቋል» ግን ሊል ይችላል። ክሩ ተቃጥሎ ሲወጣ የዲስኩ ፊት ይሻክራል። ጤነኛው ፊት ልሙጥ ነው፣ ብርሃን ሲያርፍበት አንድ ወጥ ይመስላል። ያለቀው ላይ ክሮቹ የነበሩበት ቦታ ጎድጉዶ አጫጭር ቦዮች ይታያሉ፤ ጥፍር ስታሳልፉበት ይይዛል። አንዳንድ አምራቾች በዲስኩ ፊት ላይ ከሌላው ቀድሞ የሚቃጠል ምልክት ያደርጋሉ። ያ ምልክት ሻክሮ ወይም ተቦርቡሮ ከታየ ዲስኩ እየተሰናበተ ነው። የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹን ጠርዝም እዩ። ሙቀት በጣም የበላው ዲስክ ላይ የቀዳዳው አፍ ክብነቱ ይጠፋል፣ ይበላሻል።

ስንጥቅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያለ ምክንያት። አዲስ ዲስክ ፊት ላይ እንኳ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ንቃቃት ይታያል። ክሩና ሲሊከን ካርባይዱ ሲሞቁና ሲበርዱ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ገና ሲሠራ የሚመጣ ነው፤ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው ከአንዱ ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ሌላው ወይም ወደ ጠርዙ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ከፊቱ አልፎ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከዲስኩ የውጭ ጠርዝ ላይ የሚታይ ስንጥቅ ካያችሁ ክብደቱን ለመመዘንም አትድከሙ። ያ ዲስክ አይነዳም።

ጠርዝ መሸረፍ ሌላው ነው፣ እና በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የፍሬን ጥፋት አይደለም። ጎማ ሲወልቅ ወይም ሲገጠም ከባዱ ቸርኬ ዘንበል ብሎ ዲስኩን ይመታዋል። ብረት ቢሆን ምንም አይሆንም። ካርቦን ሴራሚክ ግን ይሸረፋል። ይህን ለመከላከል ከጎማ ቡሎኖቹ ይልቅ ለጊዜው የሚታሰሩ ረጃጅም መሪ ዘንጎች አሉ፤ ጎማው በእነሱ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥ ብሎ ይገባል። እንግዲህ ሻጩን ጠይቁት፤ «ጎማ ለማውለቅ መሪ ዘንጎቹ አሉህ?» ካሉት አውጥቶ ያሳያችኋል። ምን እንደሆኑ ካላወቀ ደግሞ የአራቱንም ዲስኮች ጠርዝ ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱ። ትንሽ ሽርፋት በአምራቹ ወሰን ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ወሰኑ በመኪናው የጥገና መመሪያ ላይ በሚሊሜትር አለ። ሸራው የሚረግጠው ፊት ላይ የደረሰ ትልቅ ሽርፋት ግን ዲስኩን ከጨዋታ ውጭ ያደርገዋል።

የውስጠኛውን ፊት አትዝለሉት። ከውጭ በቸርኬው በኩል የሚታየው የውጭው ፊት ብቻ ነው፤ ሻጭም ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። ትንሽ መስታወት ወይም ስልክ ከኋላ አስገብታችሁ እዩት። ከፊትና ከኋላ ዲስኮች ደግሞ ቅድሚያ ለፊቶቹ ስጡ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ሸራውንም አብራችሁ መርምሩ። ሸራው ከዲስኩ በፊት የሚያልቅ ስለሆነ መሳሳቱ በራሱ ክፉ ዜና አይደለም። ክፉው ዜና ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን መነካካት ከጀመረ ነው። ሌላው ለብረት ዲስክ የተሠራ ሸራ ካርቦን ሴራሚክ ላይ መገጠሙ ነው፤ ዲስኩን ይጎዳል። የሸራው ዓይነት ከጀርባው ላይ ስለሚጻፍ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ማመሳከር ይቻላል። ሸራው በቅርብ ተቀይሮ እንደገና ቶሎ ካለቀም ጠርጥሩ፤ የሻከረ ዲስክ አዲስ ሸራን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የሙከራ ጉዞውስ? ስለ ክብደት ምንም አይነግራችሁም፤ ያለቀ ዲስክም ደህና አድርጎ ሊያቆም ይችላል። ጥቅሙ ለሌላ ነው። ፔዳሉ ወይም መሪው ሲንቀጠቀጥ ከተሰማችሁ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ጠዋት በቅዝቃዜ ትንሽ መጮኹ ግን የተለመደ ነው። ዝናብ ላይ የመጀመሪያው እርግጫ ትንሽ ዘግየት ብሎ ቢይዝም አትደንግጡ፤ በዲስኩ ላይ ያለው ውሃ እስኪጠረግ ነው።

ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ጥያቄውን ክፍት አድርጉት። «ትራክ ወስደኸው ታውቃለህ?» ሲባል ብዙ ሰው «አይ፣ በጭራሽ» ይላል። «ትራክ ስትሄድ ዲስኩን ወደ ብረት ትቀይር ነበር?» ብትሉት ግን ወሬው ይመጣል። ትራክ የሚወዱ ብዙ ባለቤቶች እውነትም እንዲህ ያደርጋሉ፤ ካርቦን ሴራሚኩን አውልቀው ያስቀምጡና በብረት ይነዳሉ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ያስቀመጧቸው ዲስኮች የዚያው መኪና መሆናቸውን በመለያ ቁጥራቸው አረጋግጡ፣ እነሱንም መዝኑ። ሣጥን ውስጥ የነበረ ዲስክ አልቆ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ ወሰኑ አጠገብ ከተገኘ መኪናውን መተው ግዴታ አይደለም። ዲስክ የሚቀየረው በጥንድ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ ላይ ስለሆነ የሁለቱን ዋጋ ጠይቃችሁ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። ወደ ብረት መቀየርም ይቻላል፤ ግን ብረቱ ከባድ ስለሆነ መኪናው የነበረውን ቅልጥፍና በመጠኑ ያጣል። የካርቦን ሴራሚክ ጥግግት በኩቢክ ሴንቲሜትር 2.4 ግራም አካባቢ ነው፣ ዲስክ የሚሠራበት ብረት ደግሞ 7.2 ገደማ። ያልተሰነጠቀን ዲስክ ፊቱን አድሰው የሚመልሱ ባለሙያዎችም አሉ። እኔ ግን ለታደሰ ዲስክ ከእድሳቱ በኋላ የተመዘነበትን ወይም የተለካበትን ወረቀት ሳላይ ገንዘብ አልከፍልም።

ሻጩ ጎማ ማውለቅ እንኳ ካልፈቀደ ዲስኮቹ አልቀዋል ብላችሁ አስቡና በዚያ ሂሳብ ዋጋ ስጡት። ከገዛችሁት ደግሞ የአራቱንም ዲስኮች ክብደት ከቀኑና ከኪሎሜትሩ ጋር ጽፋችሁ የመኪናው ማኅደር ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያው ምዘና ዲስኩ የት እንዳለ ይነግራችኋል፤ በምን ፍጥነት እያለቀ እንደሆነ የሚታወቀው ግን በሁለተኛው ነው።